ክረምትና እሳት ሳይቀድሙ፦ የኪራይ ቤትን ለአደጋ ማዘጋጀትና ከአደጋ በኋላ መልሶ ማቆም

በኪራይ ቤት አደጋ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በአከራይና በተከራይ መካከል ባለው ክፍተት ነው። ጣሪያው ማንጠባጠብ ሲጀምር ተከራዩ «ቤቱ የእነሱ ነው፣ ያዩታል» ብሎ ባልዲ ይደቅንበታል። አከራይዋ ደግሞ «ችግር ቢኖር ይነግሩኝ ነበር» ብለው ይቀመጣሉ። ሶኬቱ ሲግል፣ ቋሚው ሲበሰብስ፣ ቦዩ በደለል ሲሞላም እንዲሁ ነው። ሁለቱም ሰዎች ክፉ አይደሉም፤ ግን ሥራው የማን እንደሆነ አልተነጋገሩም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ዝግጅት ሁሉ የሚጀምረው እያንዳንዱን ሥራ በሰው ስም ከመጻፍ ነው።

መመሪያው የተዘጋጀው በጎጃም ከተሞች በብዛት ለምናውቀው ግቢ ነው፤ ፊት ለፊት የባለቤቱ ቤት፣ ከጀርባ በመደዳ የተሠሩ የጭቃ ወይም የብሎኬት ክፍሎች፣ አንድ ቆጣሪ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃ፣ ማታ የሚቆለፍ አንድ የቆርቆሮ በር። ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላምም ሆነ እንጅባራ፣ ቡሬም ሆነ ሞጣ፣ የግቢው መልክ ብዙም አይለያይም።

አንደኛ፦ ግንቦት ላይ ተቀምጦ ሥራ መከፋፈል

ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይከፋል። ክረምቱ ሊገባ ሲል የሚነሳው ነፋስም ብዙ ቆርቆሮ ይገነጥላል። ስለዚህ ስብሰባው ከግንቦት አጋማሽ ባይዘገይ ይሻላል። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡና ይፈላና ተከራዮች በሙሉ ይገኙ፤ ተማሪዎቹም ጭምር። በወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ይህ ነው፦

– ጣሪያውንና ቦዩን የሚያየው ማን ነው? በየስንት ጊዜ?
– አደጋ ሲመጣ ዋናውን የኤሌክትሪክ ማጥፊያ የሚያጠፋው ማን ነው? እሱ ከሌለ ማን ይተካዋል?
– አራስ፣ አቅመ ደካማ ወይም ሕመምተኛ ያለው በየትኛው ክፍል ነው? እነሱን የሚያወጣው ማን ነው?
– ሁሉም ወጥቶ የሚቆጣጠረው የት ቆሞ ነው? (ከግቢው ውጭ ያለ ቦታ ይመረጥ፤ ከኤሌክትሪክ ምሰሶ ሥር ግን አይሁን።)
– የኤሌክትሪክ አገልግሎት 905፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፤ በተጨማሪም የከተማው እሳት አደጋ፣ የፖሊስ ጣቢያው፣ የቀበሌውና የእድሩ ጸሐፊ ስልኮች።

ወረቀቱ በላስቲክ ተሸፍኖ በየክፍሉ በር ጀርባ ይለጠፍ። ስልክ ውስጥ ብቻ የተያዘ ቁጥር ባትሪው ሲያልቅ አብሮ ይጠፋል።

የግቢው በር ቁልፍ ለብቻው መነሳት አለበት። «እትዬ፣ ሌሊት እሳት ቢነሳ የበሩን ቁልፍ የት ነው የምናገኘው?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት የሚመስለው ተከራይ ብዙ ነው። አከራዮችም «የምቆልፈው ለሌባ ነው፣ ቁልፍ ለሁሉም ከታደለማ ምኑን ተቆለፈ?» ይላሉ፤ ስጋታቸው እውነት ነው። ሁለቱንም የሚያስማማው መንገድ ትርፍ ቁልፉን በግቢው ውስጠኛ በኩል፣ ከውጭ እጅ በማይደርስበት ከፍታ በምስማር መስቀልና ሁሉም ተከራይ ቦታውን በጨለማ ዳብሶ እንዲያገኘው ማለማመድ ነው። ቁልፍ ፍለጋ ላይ የሚጠፋው ጊዜ ሰው የሚጠፋበት ጊዜ ነው።

ስለ ወጪው ሕጉ መነሻ ይሰጣል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቤቱን ለአገልግሎት ብቁ አድርጎ የመያዝንና ዋና ዋና ጥገናዎችን የማድረግን ግዴታ በአከራዩ ላይ ይጥላል፤ ተከራዩ ደግሞ ቤቱን በጥንቃቄ መያዝ አለበት። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል፤ የቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይከለክላል። በክልል ከተሞች የሚተገበረው ክልሉ በሚወስነው መሠረት ስለሆነ ከተማችሁን የሚመለከት መሆኑን ከሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። አዋጁ ደረሰም አልደረሰም፣ በውሉ ላይ ሦስት መስመር ጨምሩ፦ ተከራዩ ጉዳት ሲያይ በስንት ቀን ውስጥ ያሳውቃል፤ አከራዩ ካልተገኘ ተከራዩ እስከ ስንት ብር ድረስ ራሱ አስጠግኖ ከኪራይ ይቀንሳል፤ ክፍሉ ለመኖሪያ በማይሆንበት ጊዜ ኪራዩ እንዴት ይታሰባል።

ባለቤቱ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ከሆነ ይህ ሁለተኛው መስመር የቤቱ ሕይወት ነው። ዘመድ «እያየ ነው» መባሉ አይበቃም። ጥገና ለማስደረግ፣ ገንዘብ ለማውጣትና በቀበሌም ሆነ በፖሊስ ፊት ለመቅረብ የሚያስችል ውክልና በእጁ ይኑር።

ሁለተኛ፦ ጣሪያና ውሃ

ቆርቆሮውን ከታች ሆኖ ማየት አይበቃም፤ ሰው ይውጣበት። የሚወጣው ሰው በቆርቆሮው መካከል አይራመድ፤ ምስማሩ የተሰለፈበትን መስመር ይከተል፣ ከሥሩ ሞራሌ አለና። ምስማሩ ሁልጊዜ በቆርቆሮው ጉብታ ላይ መመታት አለበት፤ ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ የተመታ ምስማር ዛሬ ባያፈስ ነገ ያፈሳል። ጎማው የደረቀ ምስማር ይነቀልና በአዲስ ይተካ። አዲስ ቆርቆሮ ስትገዙ የጌጁ ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው እየሳሳ እንደሚሄድ አስታውሱ፤ ባለ 32 ከባለ 28 ይቀጥናል፣ ለነፋስም ቶሎ ይበገራል።

ነፋስ እንዳይገነጥለው ተብሎ በጣሪያ ላይ ድንጋይና አሮጌ ጎማ መጫን በየሰፈሩ ይታያል። አትጫኑ። ነፋሱ ከበረታ ድንጋዩ በሰው ላይ ይወርዳል። መፍትሔው ሞራሌውን ከግድግዳው አናት ማገር ጋር በወፍራም ሽቦ አጥብቆ ማሰር ነው፤ በተለይ አራቱን ማዕዘንና የጣሪያውን ጠርዝ።

ከዚያ ወደ ግድግዳው እግር ውረዱ። የጭቃ ቤት የሚሞተው ከእግሩ ነው። ከክፈፉ የሚወርደው ውሃ መሬቱን እየቦረቦረ ጭቃውን ወደ ግድግዳው ይረጫል፣ ምርጊቱ ይረግፋል፣ የባሕር ዛፉ ቋሚ ይረጥባል፣ ምስጥ ይገባል። ካቻቢቴ ውሰዱና እያንዳንዱን የሚታይ ቋሚ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ውጉት። ጫፉ ብቻ ከገባ ደኅና ነው። እንደ ቂጣ ዘልቆ ከገባና እርጥብ ብናኝ ይዞ ከወጣ ግን ያ ቋሚ ጣሪያውን የተሸከመው በልማድ ብቻ ነው፤ ዝናብ ሳይጀምር መደገፍና መተካት አለበት። ይህን ፍተሻ በአልጋና በቁም ሳጥን ጀርባ ጭምር አድርጉት፤ ብስባሹ የሚደበቀው እዚያ ነው።

ቦዩ ከግድግዳው ቢያንስ አንድ እርምጃ ርቆ፣ ወደ ውጭ ተዳፍቶ ይቆፈር። ጎረቤት ግቢ ውስጥ የሚጥል ቦይ ግን ጠብ ነው የሚያመጣው፤ ከመቆፈር በፊት ተነጋገሩ። አሸንዳ ማሠራት የሚችል ያሠራ፤ ውሃውን በበርሜል ከያዘው ቧንቧ በጠፋበት ሳምንትም ይጠቅመዋል።

ባሕር ዳር ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከተማዋ ሜዳ ናት፤ መንገዱ ኮብልስቶን ወይም አስፋልት ሲለብስ ከፍ ይልና ግቢው ዝቅ ብሎ ይቀራል። የመንገዱ ውሃ በበሩ ሥር ይገባል። በበሩ ወለል ላይ ከስሚንቶ ጉብታ አሠሩ፤ ከእያንዳንዱ ክፍል ደጃፍም ላይ ደፍ ይነሳ፤ በመሬት ላይ የተቀመጠ ፍራሽና የእህል ጆንያ በቆጥ ወይም በብሎኬት ላይ ከፍ ይበል። በአንጻሩ ደብረ ማርቆስ፣ ቢቸናና ደጀን አካባቢ ዋልካ አፈር ላይ የቆመ ቤት ያለው ሰው መጠንቀቅ ያለበት ከአፈሩ መነፋትና መኮማተር ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፣ ሲዘንብበት ያብጣል፣ ወለሉን ያነሳል፣ ግድግዳውን ይሰነጥቃል። ደኅና ይዘጋ የነበረ በር በሐምሌ መግጠም ካቃተው መልእክቱ ይህ ነው። በስንጥቁ ሁለት ጫፍ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉና ቀን ጻፉበት፤ ከወር በኋላ ስንጥቁ ምልክቱን አልፎ ከሄደ ግንበኛ ጥሩ።

መጸዳጃው ከጉድጓድ ውሃ ዝቅ ብሎ፣ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ ቢሆን መልካም ነበር። በጠባብ ግቢ ይህ ስለማይገኝ በክረምት የጉድጓድ ውሃ ሳይፈላ ወይም በውሃ ማከሚያ ሳይታከም አይጠጣ። የመጸዳጃው ጉድጓድ ከተጠጋ ደግሞ ሰኔ ሳይገባ ይመጠጥ፤ ሐምሌ ላይ መኪናው ቢገኝም መንገዱ ጭቃ ነው።

ሦስተኛ፦ ኤሌክትሪክ

ብዙውን የመደዳ ቤት እሳት የምፈራው ከዚህ ነው። አንድ የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲታሰብ ከ14 እስከ 18 አምፔር መሆኑ ነው። ለአምፖልና ለስልክ ቻርጅ ተብሎ በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ምጣድ ሲሰካ ሽቦው በኮርኒሱ ውስጥ ይግላል፣ ሽፋኑ ይቀልጣል፤ ከላዩ ደግሞ ደረቅ እንጨትና ጆንያ አለ። ሰውም ሽታውን «የጎረቤት ላስቲክ ነው» ይለዋል።

በዚህ ቅደም ተከተል አስተካክሉ። በመጀመሪያ፣ ለምጣድ የራሱ መስመር ከማከፋፈያው ይዘርጋ፤ ባለ 4 ካሬ ሽቦ፣ የራሱ ብሬከር፣ የራሱ ወፍራም ሶኬት። ሁለተኛ፣ ምጣድ በዲቫይደር አይሰካ፤ ለዚህ ልዩ ሁኔታ የለውም። ሦስተኛ፣ የምጣድ ቀን በተራ ይሁን። አንዷ ማክሰኞ፣ ሌላዋ ረቡዕ ከጋገረች ሁለት ምጣድ በአንድ ሰዓት ቆጣሪውን አይጫነውም። አራተኛ፣ ብሬከሩ ሲወድቅ ለምን እንደወደቀ ይፈለግ። «እየወደቀ አስቸገረን» ተብሎ ባለ 16 አምፔሩ ተነቅሎ ባለ 32 ሲገባ ሽቦው ሲግል የሚያስቆመው ነገር አይኖርም። ይህን የሚያደርግ ኤሌክትሪሻን ካጋጠማችሁ ሥራውን አስቁሙት።

ስፒናው ሲነካ የሚያቃጥል፣ ሶኬቱ ዙሪያው የጠቆረ፣ አምፖሉ ምጣድ ሲበራ የሚደበዝዝ ከሆነ ተከራዩ በዚያው ቀን ይንገር፤ አከራዩም «ቀስ ብለህ ተጠቀም» ብሎ አይሸኘው። ቆጣሪውንና ማኅተሙን ግን ማንም አይንካ፤ የተቋሙ ሥራ ነው። በተረፈ መብረቅ በሚበዛበት በክረምቱ ዝናብ ቴሌቪዥኑ፣ ዲሹና ፍሪጁ ከሶኬት ይነቀሉ፤ በማጥፊያ ብቻ ማጥፋት አይበቃም።

አራተኛ፦ እሳትና የከሰል ጋዝ

የመደዳ ቤት ትልቁ ድክመት ከኮርኒሱ በላይ ነው። ክፍሎቹን የሚለያየው ግድግዳ ብዙ ጊዜ ኮርኒሱ ጋ ሲደርስ ያቆማል፤ ከዚያ በላይ ያለው ባዶ ቦታ ከመጀመሪያው ክፍል እስከ መጨረሻው ክፍል ክፍት ነው። በሦስተኛው ክፍል የተነሳ እሳት በደቂቃዎች ውስጥ በስድስተኛው ክፍል አናት ላይ ይገኛል። አከራይ የሆናችሁ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ለማሠራት ገንዘብ ካላችሁ ይህን አሠሩ፦ መለያያ ግድግዳዎቹን በጭቃ ወይም በብሎኬት እስከ ቆርቆሮው ድረስ አስደርሱ። ከማንኛውም ዕቃ በላይ ሕይወት ያድናል።

ቀጥሎ መስኮቱ። አንድ በር ያለው፣ መስኮቱ በፍርግርግ ብረት የታጠረ ክፍል መውጫው አንድ ብቻ ነው፤ ምድጃው ከበሩ አጠገብ ሲቀመጥ ደግሞ ያም ይዘጋል። ምድጃው ከበሩ ራቅ ይበል። ብረት ሠሪ ጠርታችሁ ከፍርግርጎቹ አንዱን በማጠፊያ እንዲከፈት አድርጉት፤ ከውስጥ ይቆለፍ፣ ቁልፉም እዚያው አጠገብ ይንጠልጠል።

ሲሊንደር ጋዝ የሚጠቀም ተከራይ ካለ ሲሊንደሩ ቆሞ፣ ቢቻል ከግድግዳው ውጭ ይቀመጥ። የሳሙና አረፋ በመጋጠሚያው ላይ ቀብቶ አረፋው የሚነፋ መሆኑን ማየት ቀላሉ ፍተሻ ነው። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ይተኛል፤ ሲሸት መብራት አይብራ፣ ክብሪት አይጫር፣ በርና መስኮት ይከፈት። አረቄ የምታወጣ ተከራይ ካለች ሥራዋ ከመደዳው ርቆ በዳስ ውስጥ ይሁን፤ የወጣው አረቄም ከእሳቱ አጠገብ አይከማች። ኅዳር 12 ቀን ጥራጊ ሲቃጠል፣ የቡሄና የመስቀል ችቦ ሲለኮስም የጭድ ክምርና የእንጨት ቁልል ያለበትን ማዕዘን ማን እንደሚጠብቅ ይታወቅ። የኅዳር ሲታጠን ልማድ ከ1911 ዓ.ም. ወረርሽኝ ጀምሮ የመጣልን ነው፤ ይቀጥል፣ ከሣር አጥር ግን ይራቅ።

አሁን ስለ ተማሪዎቹ። ከገጠር መጥተው ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል የሚማሩ ልጆች ሦስትና አራት ሆነው አንዲት ጠባብ ክፍል ይከራያሉ፤ ቅዳሜ ስንቅ ሊያመጡ ወደ አገር ቤት ይሄዳሉ፣ እሑድ ማታ ይመለሳሉ። ራሳቸው ያበስላሉ፣ በኩራዝ ያጠናሉ። እንደ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ባሉ ብርዳማ ከተሞች ወጡ ከበሰለ በኋላ የከሰሉን ምድጃ ወደ ውስጥ ያስገቡና በር ዘግተው ይተኛሉ። ከሰሉ ቀልቶ ጭሱ ካቆመ አደጋው ያለቀ ይመስላቸዋል። ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ከቀላውም ፍም ይወጣል። መጀመሪያ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ፣ ቀጥሎ ድካም፣ ከዚያ የማይነቁበት እንቅልፍ ነው።

እነዚህ ልጆች አባትና እናታቸው ሩቅ ናቸው፤ ባለቤትየዋ ናቸው ያሏቸው። ስለዚህ አከራዮች፣ ይህ ደንብ በእናንተ ይታወጅ፦ ከሰል ሌሊት ክፍል ውስጥ አያድርም። በምትኩ አንድ ትርፍ ብርድ ልብስ ስጧቸው። ከጣሪያው ሥር ሁልጊዜ ክፍት የሆነ የአየር ቀዳዳ ይኑር፤ በጨርቅ ወትፈውት እንደሆነም እዩ። ጠዋት ለትምህርት ያልወጣ ልጅ ካለ በሩን አንኳኩ። ራሱን የሳተ ከተገኘ ወዲያው ወደ ውጭ አየር ይውጣ፣ 907 ይደወል ወይም ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ወተት በማጠጣት ጊዜ አይጥፋ፤ ራሱን የሳተ ሰው ትንታ ይገድለዋል።

ለእሳት ማጥፊያ በርሜል ውሃ፣ ሁለት ባልዲ ደረቅ አሸዋና ከተቻለ የዱቄት ማጥፊያ ይቀመጥ። የማጥፊያው ጠቋሚ አረንጓዴው ላይ መሆኑ በየሦስት ወሩ ይታይ። በተቃጠለ ዘይት ላይ ውሃ አይደፋ፤ በክዳን ይታፈን። ኤሌክትሪክ ያለበት እሳትም ዋናው ማጥፊያ ሳይጠፋ ውሃ አይነካውም።

አምስተኛ፦ ሰነድ፣ ጥሬ ገንዘብ፣ መድን

የቤት ካርታ፣ የኪራይ ውል፣ መታወቂያ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የእድር ደብተር፤ ሁሉም በላስቲክ ታሽጎ በሚነሳ ትንሽ ቦርሳ ይቀመጥ፣ ፎቶውም ለሌላ ከተማ ለሚኖር ዘመድ ይላክ። በእነዚህ ዓመታት ኔትወርክ ጠፍቶ፣ መንገድ ተዘግቶ፣ ባንክ ሥራ አቁሞ ያየ የጎጃም ሰው በሞባይል ገንዘብ ብቻ መተማመን እንደማይቻል ያውቃል። ጥቂት ጥሬ ገንዘብ፣ የሳምንት ስንቅ፣ የሞላ ጀሪካን ይኑር። ተከራይ ድንገት ሸሽቶ ክፍሉን ቆልፎ ቢሄድስ? ይህም በውሉ ይጻፍ፤ ክፍሉን መክፈት የግድ ከሆነ ሁለት ምስክሮች ባሉበት ይከፈታል፣ ዕቃው ይዘረዘራል፣ ይፈረማል። ይህ መስመር ብዙ ወዳጅነት ያተርፋል።

የመድን ድርጅቶች የእሳት ውል በተለምዶ እሳትንና መብረቅን ይሸፍናል፤ ጎርፍና ዐውሎ ነፋስ በተጨማሪ ክፍያ ካልገቡ አይካተቱም። ቤቱን ከዋጋው በታች ማስመዝገብ ካሳውንም በዚያው ልክ ያሳንሳል። የጭቃ ቤት ይቀበሉ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የአከራዩ መድን የተከራዩን ቴሌቪዥን አይከፍልም፤ ተከራዮች ይህን እወቁ።

ስድስተኛ፦ አደጋው ሲደርስ

ሰው፣ ከዚያ ኤሌክትሪክ፣ ከዚያ ዕቃ። በዚህ ቅደም ተከተል ብቻ። በጭስ ውስጥ ዝቅ ብላችሁ በእርጥብ ጨርቅ አፍና አፍንጫ ሸፍናችሁ ውጡ፤ ከወጣችሁ በኋላ ለዕቃ አትመለሱ። ውሃ ገብቶ ከሆነ እግራችሁ ውሃ ውስጥ ሆኖ ማጥፊያውን አትንኩ። የወደቀ ሽቦ ካለ ልጆችን አርቁና 905 ደውሉ። መሰብሰቢያው ቦታ ላይ በስም ቁጠሩ።

ሰባተኛ፦ የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ማንም ፍርስራሽ ከማንሳቱ በፊት ፎቶ ይነሳ፤ ከበሩ፣ ከአራቱም ማዕዘን፣ ጣሪያው፣ የተበላሸው ዕቃ አንድ በአንድ። ቀበሌውና ፖሊስ መጥተው እንዲያዩና በጽሑፍ ማስረጃ እንዲሰጡ ጠይቁ። መድን ካለ በዚያው ቀን አሳውቁ። በጅምላ «ንብረቴ ወደመ» የሚል ማመልከቻ የትም አያደርስም፤ ዝርዝሩ ነው የሚያስኬደው።

እድሩን ዛሬውኑ ጥሩ። ድንኳኑ፣ ወንበሩና ብረት ድስቱ ለለቅሶ ብቻ የተገዛ አይደለም፤ ቤት ለፈረሰበት ሰውም ሁለት ሦስት ሌሊት ያሳድራል። የእድራችሁ መተዳደሪያ ደንብ ይህን የማይል ከሆነ በሚቀጥለው ስብሰባ አንሱት።

የተገነጠለውን ጣሪያ በሸራ ሸፍኑ፣ ያዘነበለውን ግድግዳ በባሕር ዛፍ ደግፉ። ጎርፍ የገባበትን ክፍል በርና መስኮት ክፈቱ፤ እርጥብ ፍራሽና የተንጠለጠለ ኮርኒስ ይውጣ። ወለሉንና ብሎኬቱን በሳሙና ካጠባችሁ በኋላ አንድ ብርጭቆ በርኪና በ20 ሊትር ውሃ አሟሙታችሁ አብሱት፤ በርኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ። የሻገተ እህልና በርበሬ ይጣል። ሻጋታው የሚተወው መርዝ በመፈጨትም በመቀቀልም አይጠፋምና ደኅናውን ለቅሞ መብላት አያድንም። ለተማሪ ልጅ የአንድ ወር ስንቁን ጣል ማለት ከባድ ነው፤ ግቢው ተባብሮ ሊተካለት ይገባል።

ስምንተኛ፦ ማድረቅና መጠገን

እዚህ ላይ ችኮላ ቤት ያፈርሳል። ውሃ የጠጣ የጭቃ ግድግዳ በላዩ ስሚንቶ ሲለሰን እርጥበቱ ውስጡ ይታፈናል፣ ማገሩ ይበሰብሳል፣ ልስኑም በዓመቱ ተገምሶ ይወድቃል። ኪራይ እንዳይቋረጥ ተብሎ ነሐሴ ላይ ቀለም የተቀባ ክፍል ጥቅምት ላይ እንደገና ይቀባል። በክረምት መደገፍና መሸፈን ብቻ ነው፤ ዋናው ሥራ ፀሐይ ከወጣ፣ ከመስቀል በኋላ ይሠራ።

የበሰበሰው ቋሚ ሥሩ ተቆርጦ በድንጋይ መሠረት ላይ ይቁም እንጂ ዳግመኛ መሬት ውስጥ አይቀበር። ለምርጊቱ ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር እየተረገጠ ከሳምንት በላይ ይቡካ። የመጀመሪያው ምርጊት ሙሉ በሙሉ ደርቆ ከተሰነጣጠቀ በኋላ ሁለተኛው ይደረብበታል። ወንፈል ወይም ደቦ የሚጠራ ሰው ይህን ቀን ለሁለት ከፍሎ ይጥራ፤ ሁለቱንም በአንድ ቀን ለመጨረስ የሚደረገው ጥድፊያ ምርጊቱን ያረግፈዋል።

እሳት የነካው ብሎኬት ሲመታ ድምፁ ድፍን ከሆነ ወይም ከተፈረፈረ ይነሳ። ውሃ የገባበት ሶኬትና ማከፋፈያ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ፈትቶ ሳያየው መብራት አይመለስ፤ «ደርቋል» የሚለውን ዓይን አያውቀውም።

ዘጠነኛ፦ ኪራዩና መመለሱ

ጥገናው የሚወስደውን ጊዜ አከራዩ በጽሑፍ ይንገር። ክፍሉ መኖሪያ ባልሆነበት ጊዜ ኪራይ መጠየቅ ተገቢ አይደለም፤ ግማሹ ብቻ የሚያገለግል ከሆነ በዚያው ልክ ይቀነስ። ተከራዩም በራሱ ቸልተኝነት ለደረሰ ጉዳት ድርሻውን ይቀበል። ካልተስማሙ ሁለቱም የሚያከብሯቸው ሦስት ሽማግሌዎች ይቀመጡ፤ ፍርድ ቤቱ ከዚያ በኋላም አለ። የተፈናቀለው ተከራይ ቅድሚያ የመመለስ መብት ይኑረው። ጥገናውን ሰበብ አድርጎ በአዲስ ዋጋ ለሌላ ሰው ማከራየት በጎረቤት ፊትም አያስከብርም።

የመመለሻው ቀን ሁለቱም አብረው ክፍሉን ይዙሩ፦ ጣሪያው፣ ቋሚዎቹ፣ የምጣዱ መስመር፣ የመስኮቱ ማጠፊያ፣ የአየር ቀዳዳው። የጎደለው ይጻፍ፣ መቼ እንደሚሟላም ቀን ይቆረጥ፣ ሁለቱም ይፈርሙ፤ ኪራዩም ከዚያ ቀን ጀምሮ ይቆጠር።